እቴቴ እና ቁጥር መቶ ሃያ አምስት

ነገር ሲበላሽ ደስ የሚላት እቴቴን ብቻ ነው የማውቀው። ሰው እንዲጎዳ ፈልጋ አይደለም። ኮምፒውተሩ እምቢ ሲል እኛ የመጨረሻዋን መስመር አይተን እንራገማለን። እሷ ግን ወንበሯን ትስባለች፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ታወርዳለች፣ «ቆዩ እስቲ፣ ይናገር» ትላለች፣ ከዚያ ከመጀመሪያዋ መስመር ጀምራ ታነባለች። የታመመ ልጅ እንደምታዋራ እናት ነው የምትመስለው።

ስሟ እቴቴ አይደለም። ታናሽ እህቷ ተማሪ ሳለች በየቀኑ ቢሮ እየደወለች «እቴቴን አቅርቡልኝ» ትል ነበር። ስልክ የማነሳው እኔ ስለሆንኩ መጀመሪያ እኔ ለመድኩት፣ ከዚያ አለቃችን፣ ከዚያ ሁሉም። እህቲቱን ደግሞ ትንሿ አልናት። ከእቴቴ በአሥራ አራት ዓመት ታንሳለች።

ቢሮአችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ከታችን ጎማ ጠጋኝ አለ። አየር መንፊያው በተነሳ ቁጥር የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል፣ እኛም ንግግራችንን አቁመን እንጠብቃለን። ሰባት ሰዎች ነን። የምንሠራው ዕቃ በእጅ አይያዝም። አንድ ፕሮግራም ለመሥራት የሚያስፈልገውን ሁሉ ጠቅልሎ ኮንቴይነር የሚባል ሳጥን ውስጥ የሚከት፣ ሳጥኑንም በፈለጉት ኮምፒውተር ላይ የሚያስነሳ መሣሪያ ነው። የሚጫኑት ሥዕል፣ የሚያሽከረክሩት ነገር የለውም። ጥቁሩ መስኮት ላይ ትእዛዝ ይጽፉለታል፣ እሱም በጽሑፍ ይመልሳል። ስለዚህ ሲበላሽ ያለው አፍ ጽሑፉ ብቻ ነው። ያን አፍ የሠራችው እቴቴ ናት።

እንዴት እዚህ እንደደረሰች ልንገራችሁ። ዘጠኝ ዓመት በአንድ የመለዋወጫ ዕቃ መጋዘን ውስጥ የዕቃ ካርድ ስትመዘግብ ነው የኖረችው። የመጋዘኑ ፕሮግራም ሲወድቅ «ስህተት 1» ብሎ ይጠፋል። ከዚያ ኃላፊው ይመጣና «ምን ነክተሽ ነው?» ይላታል። ምንም አልነካችም። ግን ማሽኑ ምክንያቱን ካልተናገረ ጥፋተኛው አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ነው። ይህን ዘጠኝ ዓመት ዋጠችው። በመጨረሻ ልባሱ የተገነጠለ የፕሮግራም መማሪያ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ አገኘችና ከማእድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብላ ተማረች። አስተማሪ አልነበራትም። ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ይነቅንቁ! እነሱ የጻፉት «ስህተት 1» ነው።

እዚህ ስትቀጠር የመጀመሪያ ሥራዋ የስህተት መዝገቡ ሆነ። መሣሪያው ሲሳነው ሰዓቱን፣ የታዘዘውን፣ የከለከለውን፣ ተጠቃሚው ምን ቢያደርግ እንደሚሻለው ሁሉ ፋይል ውስጥ ይጽፋል። አንዲት ስህተት በዝምታ ብታልፍ እቴቴ ትታመማለች። አንድ ቀን አንዱ ልጅ ስህተት ይዞ ዝም የሚል ኮድ ጽፎ ስታገኘው «አንተ ሌባ ነህ» አለችው በሰው ፊት። «ምን ሰረቅኩ?» ሲላት «ምክንያቱን» አለችው። ያን ቀን በኩራት አየኋት። አሁን ሳስበው ያበግነኛል።

ትንሿን ፊደል ያስቆጠረቻት፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ኮድ ያስተማረቻት፣ እጇን ይዛ ቢሮአችን ያመጣቻት እሷ ናት። አለቃውን «እህቴ ስለሆነች አይደለም፣ ይፈትኗት» አለችው። አለቃው ሦስት ወር የሙከራ ጊዜ ሰጣት።

በሁለተኛው ሳምንት ትንሿ መዝገቡን ከፍታ ወደ ታች ስትወርድ፣ ስትወርድ ቆየችና ቀና አለች።

«እቴቴ፣ ይሄን ፋይል ማነው የሚያነበው?»

«የፈለገ።»

«አራት ሺህ መስመር ነው እኮ። ማን ፈልጎ ያውቃል?»

ሳቅን። እኔም ሳቅኩ። እቴቴም ሳቀች፣ ግን ጥርሷ ብቻ ነው የሳቀው።

ትንሿ ወር ባልሞላ ጊዜ ሪፖርት የሚባል አዲስ ትእዛዝ ሠራች። ነገር ሲበላሽ ያችን አንዲት ቃል ከጻፉ መሣሪያው ያን ሁሉ መዝገብ አገላብጦ አምስት መስመር ያወጣል። ምን እንደሆነ፣ የት ጋ እንደተበላሸ፣ ምን እንደሚደረግ። ከታች ደግሞ «ይህን ለሠሪዎቹ ልላክላቸው?» ብሎ ይጠይቃል። እሺ ካሉት እኔ ጋ ይደርሳል። ለሙከራ ለጥቂት ደንበኞች ሰጠናቸው። እውነቱን ልናገር፣ ሥራዬ በግማሽ ቀለለ። ቀድሞ ደንበኛ ደውሎ «እምቢ አለኝ» ይለኝ ነበር፣ እኔም ግማሽ ቀን «ማን? ምን ብሎ?» ስል እውል ነበር።

ከዚያ ያች ደብዳቤ መጣች። አንድ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነው የጻፈው። አለቃው ቆሞ ጮክ ብሎ አነበባት። «ኮምፒውተር እንደ ሰው ሲያናግረኝ ይህ የመጀመሪያ ነው። ‹ዲስኩ ሞልቷል፤ አይጨነቁ፣ ሥራዎ አልጠፋም፤ ከታች ያሉትን ሦስት አሮጌ ሳጥኖች ቢያነሱ ይበቃል› አለኝ። ይህን የጻፈውን ሰው እጁን ሳሙልኝ።»

ሁሉም አጨበጨበ፣ ወደ ትንሿ።

ዓረፍተ ነገሩ የእቴቴ ነው። ቃል በቃል። ከአምስት ዓመት በፊት ጽፋው መዝገቡ ውስጥ ተቀብሮ የኖረ ነው። ሪፖርቱ ከዚያ አውጥቶ አሳየው እንጂ አንድ ፊደል አልጨመረም።

ትንሿ ይህን አልደበቀችም። ፊቷ ቀልቶ ተነሳችና «ዓረፍተ ነገሩ እኮ የእቴቴ ነው፣ የኔ ማውጣት ብቻ ነው» አለች።

«አያችሁ ትሕትና!» አለ አለቃው። እንደገና ተጨበጨበላት።

እቴቴ ወደ ሻይ ማፍያዋ ጥግ ሄዳ ንጹሕ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። ተከትያት ሄድኩ።

«ቀናሽ እንዴ?»

«እኔ? በገዛ ልጄ?» ውሃውን ከፈተችው። «እኔ የምጨነቀው ለሥራው ነው።»

«ብርጭቆው እኮ ንጹሕ ነው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ስልክሽ እየጮኸ ነው።»

አልጮኸም ነበር።

ይህን ቃል አትመኑት፣ «ለሥራው ነው» የሚለውን። ቅናት በስሙ ተጠርቶ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ በሩን እንዘጋበት ነበር። የሚመጣው ጨዋ ልብስ ለብሶ፣ ለሥራ ጥራት እየተቆረቆረ፣ ለሌላው እያዘነ ነው። «ገና ልጅ ናት፣ ትቸኩላለች» ማለት ጀመረች እቴቴ። «ጎበዝ ናት፣ ግን ጥልቀት…» ትላለች፣ «ግን» ላይ ቆማ ትንፋሿን ትስባለች። ሻይ ስትቀዳ ለትንሿ መጀመሪያ ትቀዳላታለች፣ ከዚያ እጇን ታያለች፣ ብርጭቆውን እንዴት እንደያዘች፣ ማን አጠገቧ እንደተቀመጠ፣ ማን በቀልዷ እንደሳቀ። ወንበሯን ሳይቀር አዞረችው። ጀርባዋን ሰጥታት እንዳይመስላችሁ፣ እንድታያት ነው።

በዚያው ሰሞን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። እናታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፣ ቀሚሴን ሊያጠብቡልኝ ነበር። ሦስቱም በአንድ ቤት ይኖራሉ። እትዬ በአፋቸው መርፌ ይዘው፣ ወገቤ ላይ ጎንበስ ብለው ያወራሉ።

«ይኸው ዛሬ ገና ልጆቼ ምን እንደሚሠሩ ገባኝ» አሉኝ። «ትንሿ አሳየችኝ። ሳጥኑ ሲጎድልበት ምን እንደጎደለው ይናገራል አይደል? ልክ ይቺ የስፌት መኪናዬ ‹ክሬ አልቋል› ብትለኝ ማለት ነው።»

እቴቴ ከበሩ አጠገብ ልብስ ታጥፋለች። «እማዬ፣ ይሄንኑ አይደል ስንት ዓመት ሳስረዳሽ የኖርኩት?»

«አስረድተሽኛል።»

«እና?»

«እና ምን…» እትዬ መርፌውን ከአፋቸው አወጡት። «አንቺ ስታስረጂኝ፣ ልጄ፣ ያጠፋሁ ይመስለኛል።»

ትንሿ ከውስጥ ክፍል «እማዬ!» አለች፣ ተዪ በማለት ዓይነት። ይህ ባሰ። እቴቴ ያጠፈችውን ልብስ ዘረጋችው፣ እንደገና አጠፈችው። እኔ ቀሚሱ ውስጥ ቆሜ ላቤ ወረደ። ዘጠኝ ዓመት «ምን ነክተሽ ነው?» የተባለች ሴት የገዛ እናቷ ያንኑ ስሜት ከእሷ አፍ እንዳገኙት ስትሰማ ሌላ ሰው ቢሆን ቁጭ ብሎ ያስብ ነበር። እቴቴ ያሰበችው ግን ስለ ትንሿ ነው። ፊቷ ላይ አየሁት።

ሰኞ ጠዋት አለቃው ሰበሰበንና ሁለት ነገር ነገረን። አንደኛ፣ በአዲሱ ቨርዥን፣ በሚቀጥለው የመሣሪያው እትም፣ ሪፖርቱ ለደንበኛው ሁሉ ይወጣል። የቀድሞው መዝገብ ለጊዜው ይቀጥላል፣ ከዚያ በኋላ ግን ካልታዘዘ በቀር አይጻፍም። ሁለተኛ፣ ቨርዥኑ ከወጣ በኋላ ባለው አርብ የትንሿ ሙከራ ያልቃል፣ ሪፖርቱ በደህና ከሠራ ትቀጠራለች፣ ካልሠራ ደግሞ እዚህ ላይ ያበቃል። ይህን ሲል ሁለቱን እህትማማቾች እያየ ፈገግ አለ፣ የደስታ ዜና የነገራቸው መስሎት።

አሁን የቢሮአችንን አንድ ደንብ ልንገራችሁ። ማንም የጻፈውን ኮድ ራሱ አይጨምርም። ሌላ ሰው መስመር በመስመር አንብቦ፣ ያየውን ጉድለት ከጎኑ ጽፎ፣ ሲስተካከል ስሙን ያኖርበታል። ስህተትን የሚመለከት ኮድ የምታነበው እቴቴ ናት። ስታነብ ደግሞ አትምርም። አንድ ጊዜ አሥራ አንድ መስመር ጽፌ አርባ መስመር አስተያየት ተቀበልኩ። ነጠላ ሰረዝ ሳይቀር።

የትንሿን ስድስት መቶ መስመር ለማንበብ ሙሉ ቀን ፈጀባት። ከኔ ጠረጴዛ ጀርባዋን አያለሁ። ከምሳ በኋላ አንድ ቦታ ላይ ቆመች። ብዙ ቆየች። የመጻፊያ ቁልፎቹ ሲንኳኩ ሰማሁ፣ ከዚያ አንዲቷን ቁልፍ ደጋግማ ስትመታ ሰማሁ። ማጥፊያዋን። አመሻሹ ላይ አስተያየቷ ለሁላችን ደረሰ።

«ጥሩ ነው።»

ሁለት ቃል።

«አለቀ?» አልኳት።

«አለቀ። ምነው?»

«ምንም።»

ምንም አልነበረም እንዴ? እቴቴ በሕይወቷ ለማንም ሁለት ቃል ጽፋ አታውቅም! ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ፣ አልጠየቅኩም። ትንሿ እየዘለለች መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። «እቴቴ! አንድም አላገኘሽብኝም? አንድም?» እቴቴ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። እኔም ለእህቷ ልቧ ራርቶ ይሆናል ብዬ ለራሴ ዋሸሁ፣ ስለሚመቸኝ።

ጉዳዩ ይህ ነው። ማንኛውም ፕሮግራም ሥራውን ሲጨርስ አንድ ቁጥር ትቶ ይወጣል። ዜሮ ከሆነ ሰላም ነው፣ ሌላ ከሆነ ችግር አለ። በሳጥን ውስጥ የሚሠራው ፕሮግራም የሚተወውን ቁጥር መሣሪያችን ተቀብሎ ወደ ውጭ ያወጣዋል። መሣሪያው ራሱ ሳጥኑን ማስነሳት ሲያቅተው ደግሞ የራሱን ቁጥር ያወጣል፣ መቶ ሃያ አምስትን። ትንሿ የጻፈችው ቀላል ነበር፤ ቁጥሩ መቶ ሃያ አምስት ከሆነ ጥፋቱ የመሣሪያው ነው፣ ሳጥኑ አልተነሳም፣ ስለዚህ ከውስጥ የሚሰማ ነገር የለም። ለጀማሪ ትክክል ይመስላል። ግን ውስጥ ያለው ፕሮግራምም ከፈለገ መቶ ሃያ አምስትን ትቶ መውጣት ይችላል። ማንም አይከለክለውም። ያን ጊዜ ሪፖርቱ የውስጡን ጩኸት አፍኖ የውጭውን ይናገራል።

አዲሱ ቨርዥን በወጣ በስድስተኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ አንድ የውሃ ላብራቶሪ ቴክኒሻን ደወለ። ድምፁ የደከመ ሰው ነው።

«እህቴ፣ ያንቺ ዕቃ ከማክሰኞ ጀምሮ ‹ሳጥኑ አልተነሳም፤ ጥቂት ቆይተው ይሞክሩ› እያለኝ ነው። ስድስት ጊዜ ሞከርኩ።»

«ሳጥኑ ውስጥ ምንድን ነው ያለው ወንድሜ?»

«የክሎሪን መለኪያው ነዋ። ከቧንቧው የተቀዳውን ቁጥር ይወስድና ውሃው ደህና ነው፣ አይደለም ይለኛል። ዛሬ ሲሰለቸኝ በእጄ ለካሁት። ደህና አይደለም። ማክሰኞም ደህና አልነበረም ማለት ነው። ፓምፑን አሁን ነው ያስቆምኩት። ኃላፊዬ ሁለት ቀን ምን ስትሠራ ነበር እያለኝ ነው። ምን ልበለው?»

የዱሮውን መዝገብ እንዲልክልኝ ነገርኩት። እንዲህ ያለ ፋይል መኖሩንም አያውቅም ነበር። የት እንዳለ እየመራሁት አገኘው። ሲደርሰኝ ከፈትኩትና በሺህ የሚቆጠረውን መስመር ከመጀመሪያው ጀምሬ ወረድኩ። ማክሰኞ ጠዋት ላይ እንዲህ ይላል፦ «የመውጫ ቁጥር 125። ምንጭ፦ ከውስጥ፤ ሳጥኑ በደህና ተነስቷል። ፕሮግራሙ የተናገረው፦ ክሎሪን ከዝቅተኛው መጠን በታች፤ ሥርጭት ይቁም።» ስድስት ጊዜ። ስድስቱንም ጊዜ መዝገቡ እውነቱን ጽፏል፣ ስድስቱንም ጊዜ ሪፖርቱ ሰውየውን ቆይተህ ሞክር ብሎታል።

ለአለቃው ሰጠሁት።

አርብ ጠዋት ሰባታችንም ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። አለቃው ወረቀቱን በእጁ መዳፍ ሸፍኖ ይዞታል። የትንሿ ከንፈር ነጭ ሆኗል።

«ሰው ታሟል?» አለች።

«እስካሁን የሰማነው የለም» አለ አለቃው።

አልሰማንም። ያልሰማነው ሁሉ ግን አልሆነም ማለት አይደለም። ሁለት ቀን ሰዎች ያን ውሃ ጠጥተዋል፣ ሕፃን አጥበውበታል።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ትንሿ። «ቁጥሩን አመንኩት።»

«ያንቺ ነው» አለ አለቃው፣ ክፉ ሰው ባይሆንም ፈርቶ ነበርና ቃሉ ሻካራ ሆነ። «አንባቢሽም አላየችውም። ግን እቴቴን ምን እላታለሁ? የሷ መዝገብ ባይኖር ዛሬም አናውቅም ነበር። እቴቴ፣ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። መዝገቡ የትም አይሄድም። ሪፖርቱ ይሰረዛል። ትንሿ… በተባባልነው መሠረት ነው። ዛሬ ዕቃሽን ሰብስቢ።»

ከታች አየር መንፊያው ተነሳ። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፣ እኛም እንደ ልማዳችን ዝም ብለን ጠበቅን። በዚያች ዝምታ እቴቴን አየኋት። የፈለገችውን ሁሉ አግኝታለች። መዝገቧ ጸና፣ ሪፖርቱ ወደቀ፣ ይቅርታ ተጠየቀች። እሷ ግን የሌላ ሰው ሠርግ ላይ ሳትጠራ እንደገባች ሰው ነው የተቀመጠችው።

መንፊያው ሲቆም ትንሿ ተናገረች። «እቴቴን ግን አትውቀሷት። እንዲህ ያለ ነገር ለማንም አይታየውም። እሷ ያላየችውን እኔ ከየት አያለሁ?»

ይህን መቋቋም አቃተኝ። ወረቀቱን ከአለቃው እጅ መንጭቄ እቴቴ ፊት አስቀመጥኩት።

«‹ምንጭ፦ ከውስጥ› የሚለውን መስመር ማነው የጻፈው?»

«እኔ።»

«መቼ?»

«ከአምስት… ስጀምር።»

«ለምን ጻፍሽው?»

ዝም።

«እቴቴ፣ ይህ ቁጥር ሁለት ባለቤት ሊኖረው እንደሚችል ካላወቅሽ ለምን ምንጩን ለይተሽ ጻፍሽ? እኔ ልናገርልሽ ወይስ ራስሽ ትናገሪያለሽ?»

«አንቺ ምን አገባሽ?» አለችኝ፣ ዓይኗ ደም መስሎ።

«ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ! ሰውየው ‹ምን ልበለው› ያለው እኔን ነው!»

ትንሿ ከአንዳችን ወደ ሌላችን ታያለች። ገና አልገባትም። እንዲገባትም አልፈለገችም መሰለኝ።

እቴቴ መነጽሯን አወለቀች። «አይቼዋለሁ» አለች። «መስመር ሁለት መቶ አሥራ አራት። አስተያየቱንም ጽፌው ነበር። ጻፍኩት፣ አጠፋሁት።»

«ለምን?» አለ አለቃው። እውነትም አልገባውም ነበር።

«እንድትወድቅ።» ይህን ለጠረጴዛው ነው የተናገረችው። «እንዲህ አይደለም። ውሃ፣ ሰው… ይሄን አላሰብኩም። ትንሽ እንድትሰናከል። አንዱ ደንበኛ እንዲያማርርባት፣ እሷም እንደ ድሮው ‹እቴቴ፣ ምን ላድርግ› ብላ ወደኔ እንድትመጣ። አንድ ቀን እንኳ እኔ እንዳስፈልጋት። ሁሉ ነገሬን ይዛ ሄደች እኮ! ዓረፍተ ነገሬን፣ እናቴን…»



ትንሿ ተነስታ ጠረጴዛውን ዞራ ሄዳ፣ የእቴቴን ራስ በደረቷ አቀፈችው። «እኔ ነኝ ያላየሁሽ» አለቻት። «ሲጨበጨብልኝ ዞር ብዬ አላየሁሽም። ይቅር በይኝ እቴቴ። እኔ ይቅር ብያለሁ።» አለቃው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከወዲያ ጥግ ያሉት ሁለቱ ወንዶች እንባቸውን ጠረጉ።

ውሳኔውም ተለወጠ። ትንሿ ትቀጠራለች። ሪፖርቱ ምንጩን ከመዝገቡ እየጠየቀ ይስተካከላል፣ መዝገቡም ይቀጥላል። እቴቴ እስኪነገራት ድረስ የማንንም ኮድ አታነብም። ከኔ አጠገብ ተቀምጣ ደንበኛ ትቀበላለች። ሲወጡ ሁሉም የትንሿን ትከሻ እየነኩ አለፉ። «ትልቅ ሰው ነሽ» አላት አለቃው።

ከምሳ በኋላ እቴቴ ወንበሯን ይዛ ወደኔ መጣች። ጎንበስ አለችና በጆሮዬ፦

«አየሽልኝ ይቅር ስትለኝ?»

«አየሁ።»

«እንዴት እንዳማረባት!» ጥርሷን ነከሰች። «ሁሉም አለቀሰላት። ይቅር ባይነቱንም እሷው ወሰደችው። ለኔ ምን ተረፈ?»

በሰላሙ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። «ላንቺ የተረፈውን ልንገርሽ?» አልኳት። «አንድ ሰው ሁለት ቀን ምን ስትሠራ ነበር እየተባለ ነው። ምን ነክተህ ነው እየተባለ ነው፣ ገባሽ? ደውይለት።»

«ምን ብዬ?»

«እኔን አትጠይቂኝ።»

ስልኩን ወደሷ ገፋሁት። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፣ ቁጥሩን መታች። ድምፁ ለኔም እንዲሰማ ከፈትኩት።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ከኮንቴይነሩ መሣሪያ ቢሮ ነው…»

«ኦ እህቴ! እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ቅድም ያች ልጅ ደውላልኝ ነበር፣ ሪፖርቱን የጻፈችው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ለኃላፊዎ እጽፍልዎታለሁ አለችኝ። እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት! እናንተ ታድላችኋል።»

እቴቴ መነጋገሪያውን በመዳፏ ሸፈነችው። ወደኔ ዞረች፣ ፊቷ እንደ ሕፃን ተጨማዶ። «ቀድማኛለች» አለችኝ በሹክሹክታ። «ይህንንም ቀድማኛለች!» መነጋገሪያውን ወደኔ ዘረጋችው።

አልተቀበልኳትም። እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

«እሷ የነገረችው የምታውቀውን ነው» አልኳት። «አንቺ የምታውቂውን አልነገረችውም። ስላንቺ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፣ ይኸው ሰምተሻል። ሰውየው ስህተት የደረሰበት እንጂ ማንም አውቆ የተወው አይመስለውም። ለኃላፊው የሚጻፈው ደብዳቤ ውሸት ሊሆን ነው፣ ባንቺ ምክንያት።»

«ሄሎ?» ይላል ሰውየው። «እህቴ፣ አለሽ?»

እቴቴ ክፍሉን ማዶ አየች። ትንሿ ጠረጴዛዋ ላይ ጎንበስ ብላ ትጽፋለች፣ ሁለቱ ወንዶች ከጀርባዋ ቆመው ያያሉ፣ አንዱ ሻይ ይዞላት መጥቷል። እቴቴ ሻዩን አየችው። ብርጭቆውን አየችው። ከዚያ ዓይኗን በግድ መለሰችና እጇን ከመነጋገሪያው ላይ አነሳች።

«አለሁ» አለች። «ስማኝ… ይስሙኝ ወንድሜ። ያች ልጅ አታውቅም ነበር። የማውቀው እኔ ነበርኩ። ይህ እንደሚሆን አይቼ ዝም ብያለሁ። ስሜን ይጻፉልኝ፣ ለኃላፊዎ የሚሰጡት ስም እሱ ነው።»

ከወዲያ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ተሰማ፣ ከዚያም የሰውየው ድምፅ፣ ጨዋነቱ ሁሉ ከላዩ ላይ ወርዶ፦

«ይናገሩ፤ እየጻፍኩ ነው።»

ስሟን ነገረችው፣ ሙሉውን፣ እስከ አያቷ።